አያ መልኬና የሜክሲኮው ፒዛ

አያ መልኬ ማረፋቸውን የሰማሁት ከሥራ ወጥቼ አውቶቡስ ስጠብቅ ነው። ልጃቸው ኦራ ደወለችና «አስናቁ፣ አባ አረፈ» አለችኝ።  እኔም ስልኩን ጆሮዬ ላይ እንደያዝሁ ቆምሁ። አውቶቡሱ መጣ፣ በሩን ከፈተ፣ ሹፌሩ ትንሽ ጠበቀኝና ትቶኝ ሄደ። ሁለታችንም ስናለቅስ ቆየንና ኦራ ድንገት፣ «የፒዛውን ቀን ታስታውሻለሽ?» አለች። እንዴት እረሳለሁ! እንባዬ እየወረደ ሳቄ አመለጠኝ። ፌርማታው ላይ የነበሩት ሰዎች አበደች ብለውኝ ይሆናል። ይበሉ! የአያ መልኬ ነገር ሲነሳ እኔን ሁልጊዜም የሚቀድመኝ ሳቅ ነው። አፈሩን ያቅልልላቸውና፣ እሳቸውም ቢሆኑ ከእንባዬ ይልቅ ሳቄን ነበር የሚወዱት።

ጎረቤቴም ነበሩ፣ የሥራ ባልደረባዬም። ሮቫ ቴት በሚባል ሰፈር በአንድ ሕንፃ ውስጥ እሳቸው አንደኛ ፎቅ፣ እኔ ሦስተኛ ፎቅ እንኖር ነበር። ሥራችንም በሰሜን የኢንዱስትሪ ቀጠና፣ አንድ የጦርቲያ ፋብሪካ ውስጥ ነው። ጦርቲያ የሜክሲኮ ሰዎች ስስ ቂጣ ነው፤ እዚህ አገር ልጁ ሁሉ ያገኘውን ጠቅልሎበት ይበላል። እኔና አያ መልኬ ማሽኑ ጫፍ ላይ ፊት ለፊት ቆመን የተቀደደውን፣ ያረረውንና የታጠፈውን እየለቀምን እናወጣለን። ዘጠኝ ዓመት እንዲህ ቆምን። ከባሌ ፊት ይልቅ የእሳቸውን ፊት አይቻለሁ ብል አልዋሸሁም።

አያ መልኬን የማይገርማቸው ነገር አልነበረም። ጠዋት ልብስ መቀየሪያው በር ላይ ሲያገኙኝ ሰላምታቸው «ዛሬማ ጉድ አየሁ፣ አስናቁ!» ነው። ጉዱ ምንድን ነው ስል፣ ወይ ወደቡ ላይ የቆመ መርከብ ነው፣ ወይ አንድ ሩሲያዊ ሽማግሌ ውሻውን በልጅ ጋሪ ሲገፋ አይተዋል፣ ወይ ደግሞ ሐብሐብ ያለ ፍሬ ተፈጥሮ ሱፐርማርኬት ውስጥ ተሽጧል። «ያለ ፍሬ! ታዲያ ለሚመጣው ዓመት ምን ሊዘሩ ነው?» ብለው ሙሉ ቀን ሲብሰለሰሉ ይውላሉ። «መገረም ያቆመ ሰው ያን ጊዜ አረጀ» ይሉኝ ነበር። ይኸን ሲሉ ስልሳ አምስት ዓመታቸው ነው።

ጢማቸውን ቢያዩት! ሽበት የገባበት፣ ሰፊ፣ የተበጠረ። ፋብሪካው ደግሞ ጢም ያለው ሁሉ በመረብ ይሸፍን ይላል። ሌላው ወንድ መረቡን እየረገመ ያጠልቃል፤ አያ መልኬ ግን መስታወት ፊት ቆመው ግራ ቀኙን እያስተካከሉ፣ «እስከዛሬ ከሠራሁባቸው ሁሉ የጢምን ክብር ያወቀ ይኸ ፋብሪካ ብቻ ነው» ይላሉ። እኔን በነገር ነካ ማድረግም ይወዳሉ። እሳቸው ከጎንደር ገጠር በሱዳን በኩል በእግራቸው የመጡ ናቸው፤ እኔ ደግሞ ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን። ወገቤን አመመኝ ባልሁ ቁጥር፣ «አንቺን ምን ያምሻል? ተቀምጠሽ የመጣሽ!» ነው መልሳቸው። ባለቤታቸው እቴ ጥሩዬም አብረው ይስቁብኝ ነበር።

እቴ ጥሩዬ ከሞቱ በኋላ ነው ነገሩ የተበላሸው።

አያ መልኬ ዕድሜያቸውን ሙሉ ጓዳ ገብተው አያውቁም። የእሳቸው አገር ወንድ ጓዳ ምን ይሠራል? በእኛ በአይሁዶች ሕግ ሥጋና ወተት አይገናኙም፤ ድስቱም፣ ቢላዋውም፣ ሰሃኑም ለየብቻ ነው። የትኛው መሳቢያ የሥጋ፣ የትኛው የወተት እንደሆነ የሚያውቁት እቴ ጥሩዬ ነበሩ። እሳቸው ሲሄዱ ዕውቀቱም አብሮ ሄደ። ኦራ ደግሞ አንዲት ልጃቸው ናት፤ ከትንሽነቷ በሃይማኖት አዳሪ ትምህርት ቤት ያደገች፣ ሕጓን አጥብቃ የያዘች፣ ከእሷም የባሰ የሚያጠብቅ ባል ያገባች። አንድ ቀን ስትገባ አባቷ በሥጋ ቢላዋ አይብ ሲቆርጡ ደረሰች። አልጮኸችም። አለቀሰች እንጂ።

ከዚያ ወዲያ ከአባቷ ቤት እህል ቀርቶ ውሃ አትቀምስም። መምጣቱን አላቋረጠችም፤ በየሳምንቱ ትመጣለች፣ ትስማቸዋለች፣ ቤቱን ታጸዳለች፣ ልብሳቸውን ታጥባለች። ግን ምግቧን በከረጢት ይዛ፣ የላስቲክ ሰሃኗን ይዛ፣ ውሃዋን በጠርሙስ ይዛ ነው። አያ መልኬ ፊቷ ተቀምጠው በገዛ ቤታቸው ከከረጢት ስትበላ ያያሉ። አባት ለልጁ ማዕድ ካላቀረበ ምኑን አባት ሆነ?

«እኛ እኮ» አሉኝ አንድ ጠዋት ማሽኑ ላይ ቆመን፣ «አገራችን ሳለን ከገበያ ስንመለስ ወንዝ ወርደን ሳንታጠብ ቤታችን አንገባም ነበር። እናቴ ሰው እንዳይነካት መንገድ እየለቀቀች ነበር የምትሄደው። እንዲያ ያደግሁ ሰውዬ፣ ዛሬ ቤቴ ለልጄ ረከሰባት?» ይኸን ሲሉ ሦስት የተቀደዱ ጦርቲያዎች በፊታችን አለፉ። ሁለታችንም አላየናቸውም። አለቃችን ከወዲያ ጮኸብን።

ሐዘናቸው ይኸው አንድ ብቻ ነበር፤ ልጃቸው ከእጃቸው አትበላም።

እንግዲህ ኦራ የመጀመሪያ ልጇን አረገዘች። አንድ ቀን ደረጃው ላይ አገኘኋትና እንዴት ነሽ ስላት ስልኳን አውጥታ አንድ ቪዲዮ አሳየችኝ። አሜሪካ አገር ሰው ከመኪናው ሳይወርድ በመስኮት የሚገዛው የችኮላ ምግብ አለ አይደል? ከዚያ ዓይነት ቤት የሚሸጥ «የሜክሲኮ ፒዛ» የሚሉት ነው። አንድ ጦርቲያ በዘይት ይጠበስና ደረቅ ይላል፤ በላዩ የተፈጨ አደንጓሬና የተፈጨ ሥጋ፤ በዚያ ላይ ሁለተኛ የተጠበሰ ጦርቲያ፤ ከላይ የቲማቲም ስጎ፣ የቀለጠ አይብ፣ የተከተፈ ቲማቲም። አንዲት ሴትዮ እቤቷ ሠርታው ስትቆርሰው ቋ! ሲል እኔ ራሴ ምራቄን ዋጥሁ።

«አስናቁ፣ ሌትም ቀንም እሱ ነው የሚታየኝ» አለች ኦራ። «ግን ሥጋ በአይብ ነው። ለእኛ አይሆንም። ዲ፣ በቃ ልርሳው።» ስልኳን ከረጢቷ ውስጥ ከተተች፤ ሁለት ደረጃ ወርዳ መልሳ አውጥታ አየችው።

እኔ ደግሞ ምላሴ መች ያርፋል? በነጋታው ማሽኑ እንደተነሳ ለአያ መልኬ ነገርኋቸው።

«አምሯታል?» አሉ። «ልጄን አምሯታል?»

«አዎ፣ ክፉኛ።»

«ኧረ ምነው ሸዋ! ያረገዘች ሴት ያማራትን ካላገኘች ልጁ ላይ ምልክት ይወጣል እኮ! የልጅ ልጄ ግንባሩ ላይ ፒዛ ይዞ ሊወለድ ነው?» ከዚያ ድንገት ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «በምንድን ነው የሚሠራ ያልሽኝ?»

«በጦርቲያ።»

ማሽኑን አዩት። ጦርቲያው በፊታችን ይጎርፋል፤ ክብ፣ ነጭ፣ ትኩስ፣ ማለቂያ የሌለው። እንደገና አዩኝ። ዓይናቸው እንደዚያ ሲበራ አይቼ አላውቅም። «አስናቁ!» አሉ። «ፈጣሪ ዘጠኝ ዓመት እዚህ ያቆመኝ ለካ ለዚህ ነው!»

ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ሌላ ወሬ የለም። ፋብሪካው ውስጥ የምግቡን ንጽሕና የሚቆጣጠር አንድ ሃይማኖተኛ ሰው አለ፤ ማሽጊያሕ እንለዋለን። ምስኪን! አያ መልኬ በየዕረፍቱ ያዙት። ሻዩን ሳይጨርስ ይቀመጡና፣ «ልጄ እኔ ቤት እንድትበላ ምን ላድርግ?» ይሉታል። ሰውዬው ታጋሽ ነበር። ዕቃውን ሁሉ አዲስ ግዛ፤ ለወተት ብቻ ይሁን፤ አዲስ ዕቃ ደግሞ ከመጠቀምህ በፊት ዕቃ መንከሪያው ገንዳ ወስደህ እንዲነጻ ንከረው፤ አይቡን ልጅህ የምታምነው ማኅተም ያለበትን ፈልግ፤ ሥጋውን እርሳው አላቸው። አያ መልኬ አምስት ጣታቸውን አጥፈው ወደ እኔ መጡ፣ እንዳይረሱት እጃቸውን ሳይዘረጉ።

«ሥጋው ግን አይረሳም» አሉኝ። «ሥጋ ሳይሆን ሥጋ የሚመስል እናበጃለን። ያየችውን ነው ያማራት፤ ያየችውን ትበላለች!»

የሙከራው ቦታ የኔ ጓዳ ሆነ። ማክሰኞ ማክሰኞ ከሥራ ስንወጣ፣ ጠርዙ የተቀደደና የተሸበሸበ ጦርቲያ በከረጢት ይዘን ሦስተኛ ፎቅ እንወጣለን። አያ መልኬ ሽርጤን ያስራሉ። ሽርጤ አበባ አበባ ነው፤ ለእሳቸው ቁመት እምብርታቸው ላይ ይቀራል። አሁንም ሳስበው!

መጀመሪያ ጦርቲያውን ሳይጠብሱ እንዲሁ ደራረቡት። ስጎውን ጠጥቶ ሲያነሡት እንደ እርጥብ ጨርቅ ተንጠለጠለ። ቀጥሎ ከሱፐር በሶያ የተሠራ የሥጋ ምትክ ገዙ። ቀመስን፤ ተያየን። «ካርቶን ነው» አልኋቸው። «ካርቶንስ ጣዕም አለው» አሉ። በሦስተኛው ማክሰኞ «አገኘሁት! ምስር!» ብለው በሩን ሊሰብሩት ደረሱ። ድፍን ምስር ቀቅለው፣ ሽንኩርት አቁላልተው፣ በርበሬ ጨምረው፣ በጦርቲያ መሐል አደረጉት። እኔ አንድ ጊዜ ጎርሼ ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ።

«አያ መልኬ፣ ይኸ እኮ ምስር ወጥ ነው! ባርኔጣ ያደረገ ምስር ወጥ!»

ሌላ ሰው ቢሆን ይቀየም ነበር። እሳቸው ግን ቀምሰው፣ አስበው፣ «እውነትሽን ነው፤ ባርኔጣውም ጠቦታል» አሉና ሽርጡን ፈቱ። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች። ማክሰኞ እንደገና።»

ማክሰኞ እንደገና መጡ። አሁን ምስሩን እንዳይፈርስ አድርገው ግማሽ ያህል ብቻ አበሰሉት። አጠለሉት፣ በጨርቅ አደረቁት፣ በብርጭቆ ቂጥ ጨፈለቁት፤ ልሞ ሳይሆን ከርደድ ብሎ። ከዚያ ዘይት አግለው፣ ሽንኩርቱ ቡናማ እስኪሆን ጠብሰው፣ ምስሩን በትንሽ በትንሹ እየጨመሩ ድርቅ እስኪል አመሱት። ነጭ ሽንኩርት፣ ከሙን፣ ትንሽ የቲማቲም ድልህ፣ በርበሬ በጣት ጫፍ ብቻ። ቤቱ ሥጋ ሥጋ ሸተተ! እኔ መጥበሻው ላይ አጎነበስሁ። የተፈጨ ሥጋ ነው፤ ቀለሙ ሥጋ፣ ፍርፋሪው ሥጋ። ጦርቲያውን ለየብቻው ጠበሱት፣ አረፋ ሲያወጣ በማንኪያ ጀርባ እየተጫኑ፣ ወርቅ እስኪመስል። አደንጓሬውን ቀቡ፣ ምስሩን በተኑ፣ ሁለተኛውን ከደኑ፣ ስጎና አይብ ከላይ፣ ወደ ምድጃ። ወጥቶ ስቆርሰው ቋ! አለ።

አያ መልኬ እጃቸውን ወደ ላይ ዘርግተው «እሰይ! እሰይ!» እያሉ በኔ አበባ ሽርጥ እስክስታ ወረዱ። ባሌ ከሥራ የገባው ያን ጊዜ ነው። በሩ ላይ እንደቆመ አፉ ውስጥ ፒዛ ከተትሁበት።

የቀረው ዕቃው ነበር። ከእቴ ጥሩዬ ቁምሳጥን አንዱን ባዶ አደረጉ፣ ጠረጉት፣ ቀለም ቀቡት፣ ቁልፍ አስገጠሙለት፤ ቁልፉን በክር አንገታቸው ላይ አንጠለጠሉት። አዲስ መጥበሻ፣ አዲስ ቢላዋ፣ የመስታወት ሰሃን፣ አዲስ ትንሽ ምድጃ ገዙ። ዕቃውን ልንነክር ገንዳው ዘንድ አብረን ሄድን። እያንዳንዱ ሰሃን ሥር፣ የመጥበሻው እጀታ ላይ፣ የቢላዋው እጀታ ላይ የሱቁ ወረቀት ተለጥፏል። እኔ በጥፍሬ ልልጠው ስል እጄን ቸብ አደረጉኝ።

«ኧረ ተይ! አዲስ መሆኑን በምን ታውቃለች? ወረቀቱን ታየዋ!»

እኔም እውነት መሰለኝ። እንዲያውም ብልኅነታቸው ገረመኝ። ሁለታችን አጎንብሰን አንድ በአንድ፣ ከነወረቀቱ፣ ውሃው ውስጥ እየነከርን አወጣን። እሳቸው እያንዳንዱን ዕቃ እየጸለዩ ነበር የያዙት። አያ መልኬ ሲመለሱ ዕቃውን ጭናቸው ላይ ታቅፈው አውቶቡስ ውስጥ ለማያውቁት ሰው ሁሉ «ልጄ ልትበላበት ነው» ሲሉ ነበር።

ቀኑ ደረሰ። ሁለታችንም ፈቃድ ወሰድን። አያ መልኬ ገና በጠዋቱ ለኦራ ደውለው፣ «ዛሬ ሥጋ እንዳትበዪ! ከሰዓት በኋላ ነይ። ያን ከረጢትሽን ደግሞ ትተሽ ነይ፤ በሞቴ!» አሏት። ሥጋ የበላ ሰው ወተት ነክ ለመብላት ሰዓታት መቆየት አለበት፤ ይኸንንም ከማሽጊያሑ ተምረዋል። ምስሩን በነጭ ሰሃን ላይ ሦስት ጊዜ ለቀሙት፤ ትል ቀርቶ የትል ጥላ እንዳይገኝበት። አይቡን ማኅተሙ እንዲታይ አድርገው ጠረጴዛው መሐል አቆሙት። ልብሳቸው የሰንበት ነው፤ ጢማቸው ተበጥሯል። «አስናቁ፣ ባትበላስ?» አሉኝ አንድ ጊዜ። «ትበላለች!» አልኋቸው።

ኦራ ገባች፣ ሆዷ ቀድሟት። ከረጢቱ የለም! አያ መልኬ እኔን አዩኝ፣ እኔም እሳቸውን አየሁ። አባቷን ስማ ቀና ስትል ሽታው ደረሳት። ጠረጴዛውን አየች። ፒዛው አይቡ እየተንፈቀፈቀ፣ ከተቆረሰው ጎኑ ቡናማው ፍርፋሪ እየታየ ተቀምጧል።

ፊቷ ዐመድ መሰለ። «አባ! ማ ዜ? ምንድን ነው ይኸ? ሥጋ በአይብ?»

«ምስር ነው!» አልን እኔና አያ መልኬ እኩል። «ምስር! ምስር!» የተረፈውን ከመጥበሻው አምጥተው አፍንጫዋ ሥር ያዙላት። ሸተተችው፣ በጣቷ ፈረካከሰችው። መሐሉ ምስር ነው። ሳቅ ፈነዳባት። ሆዷን ይዛ ሳቀች፣ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። «ምስር! አባ፣ አንተ ነህ የሠራኸው? አንተ?» «ማን ሊሠራልሽ ነው!» አሉ፣ ደረታቸው ተነፍቶ። በቃ፣ ተሳካ አልሁ በልቤ።

ተቀመጠች። ሰሃኑን ፊቷ አደረጉላት። ቁራሹን እንዲያስቀምጡላት ሰሃኗን አንሥታ ስትዘረጋ ጣቷ ከሥሩ ሻከረባት፤ ገልብጣ አየችው።

«ይኸ ምንድን ነው?»

«ወረቀቱ ነዋ! አዲስ ነው፣ እዪው! ሁሉንም ነክረነዋል።»

«ሲነከርም ወረቀቱ ነበረበት?»

«ኋላስ! አንቺ እንድታዪው ብዬ እኮ ነው። አስናቁ ልትልጠው ስትል እጇን መታኋት!»

ኦራ ሌላውን ሰሃን ገለበጠች። ወረቀት። ቢላዋውን አየች። ወረቀት። የመጥበሻውን እጀታ አየች። ሁሉንም ቀስ አድርጋ መልሳ አስቀመጠች። «አባ» አለች፣ «ወረቀት ያለበት ዕቃ ውሃው በሙሉ አይነካውም። እንዳልተነከረ ነው የሚቆጠረው።»

አያ መልኬ ፒዛውን ለመቁረጥ ያነሡት ቢላዋ በእጃቸው ቀረ። የበራው ፊታቸው ሲጠፋ ዓይኔ እያየ ነው። ያን ሁሉ ማክሰኞ አሰብሁና ቁጣዬ ገነፈለ። «አንቺ ልጅ!» አልኋት፣ «እኒህ ሰውዬ ላንቺ ብለው ሁለት ወር ሙሉ...»

«ተያት፣ አስናቁ» አሉኝ። ድምፃቸው ጸጥ ያለ ነበር። «ሕጓን ነው የጠበቀች። እናቴም ብትሆን አትበላም ነበር።» ቢላዋውን አስቀመጡና ፒዛውን ሊያነሡ እጃቸውን ዘረጉ።

ኦራ እጃቸውን ያዘች። «ቆይ፣ አባ። ዕቃው ነው እንጂ ምግቡ ምንም አልሆነም። ምግቡ ኮሼር ነው፣ ይበላል። ዕቃውን ወረቀቱን ልጠን ነገ አብረን እንነክረዋለን።»

«በምን ላቅርብልሽ ታዲያ?» አሉ። እውነትም ቤቱ ውስጥ እሷ የምትበላበት ሰሃን የለም። አሮጌው አይሆንም፣ አዲሱ አልተነከረም፣ የራሷን ደግሞ እሳቸው ራሳቸው ትተሽ ነይ ብለዋታል። እኔ «ናፕኪን አለ!» ብዬ ስነሣ ኦራ በእጇ መለሰችኝ።

«አባ» አለች፣ «በእጅህ ስጠኝ። እጅህ ላይ ወረቀት የለም።»

አያ መልኬ ወደ ውሃው ሄዱ። እጀታቸውን ሰብስበው እስከ ክርናቸው ታጠቡ፤ አንድ ጊዜ፣ ሁለት ጊዜ፣ ሦስተኛም ደገሙ። መጥተው ከፒዛው አንድ ትልቅ ቁራሽ በሁለት መዳፋቸው አንሥተው ልጃቸው ፊት ቆሙ። ኦራ ዓይኗን ጨፍና በረከቱን ጀመረች፤ «ባሩክ አታ...» እያለች፣ ጮክ ብላ፣ ቃል በቃል፣ ምንም ሳትውጥ። ሰው የማይበላውን አይባርክም። አያ መልኬ «አሜን!» አሉ፤ ድምፃቸው እስከ ሦስተኛ ፎቅ ሳይሰማ አልቀረም።

አይቡ ገና ትኩስ ነበር፤ ከመዳፋቸው ወደ አንጓቸው ሲንጠባጠብ አየሁት። «ኧረ ያቃጥልዎታል!» አልኋቸው። በዓይናቸው ዝም አሰኙኝ። ኦራ ጎንበስ ብላ ከአባቷ መዳፍ በላች፣ ቀና ሳትል በላች፣ ፍርፋሪውን ሳይቀር ለቅማ በላች። እስክትጨርስ ድረስ አያ መልኬ እጃቸውን አልሳቡም።